አሮጌ ማርቸዲስ ለሚሸጥ የወንድሜ ልጅ

የወንድሜ ልጅ፣ አባትህ ነፍሱን ይማረውና ትቶት የሄደውን ማርቸዲስ ልትሸጥ መወሰንህን ከእናትህ ሰማሁ። ደግ አስበሃል። አንተ ያለኸው ባሕር ዳር፣ መኪናው የቆመው እዚህ ጎጃም አማኑኤል። ቆሞ የሚውል መኪና ደግሞ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ አይጥ ሽቦውን ይበላዋል። ዕድሜዬን ከኮፈን ሥር ስላሳለፍኩና ይህን መኪና ከእኔ በላይ የፈታ ሰው ስለሌለ የማውቀውን ልንገርህ። ቆጣሪው 400,000 ኪሎ ሜትርን አልፏል። በዚህ ቁጥር አፍረህ አንገትህን እንዳትደፋ፣ ደላሎችም «ዝም በል፣ እኛ እናውቅበታለን» ሲሉህ እንዳትሰማቸው እሰጋለሁ። ብዙ የሄደ መኪና ደህና ዋጋ የሚያወጣው የገዢው ፍርሃት ሲቀንስለት ነው። ገዢ ደግሞ የተደበቀ ነገር ባሸተተ ቁጥር ይበልጥ ይፈራል።

1. መኪናውን ከማጠብህ በፊት ሊብሬውን አውጣ።

ሊብሬው በአባትህ ስም ነው። ታሞ በነበረ ጊዜ ውክልና እንደሰጠህ አውቃለሁ፤ ያ ወረቀት አሁን አይሠራልህም። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። «ማን ያውቅብኛል» ብለህ በእሱ ፈርመህ ብትሸጥ፣ ገዢው ስም ሊያዛውር የሄደ ቀን ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቀርበህ የወራሽነት ማስረጃ አውጣ። ወራሾቹ አንተና እህቶችህ ናችሁ። እናትህ ግን የምትገባው በወራሽነት አይደለም፤ መኪናው በትዳር ውስጥ የተገዛ ስለሆነ ግማሹ ድሮም የእሷ ነው። ይህን አስቀድመህ ለእህቶችህ ንገራቸው፤ ብሩ እጅ ከገባ በኋላ የሚነሳ የድርሻ ጥያቄ ስንቱን ቤተሰብ አኳርፏል። አዲስ አበባ ያለችው እህትህ መምጣት ካልቻለች እዚያው ውልና ማስረጃ ቀርባ ውክልና ትስጥህ። ውክልናው ላይ መሸጥ፣ ገንዘብ መቀበልና ስም ማዛወር የሚሉት ሦስቱም በግልጽ ይጻፉ፤ አንዱ ከጎደለ ዳግመኛ ትመላለሳለህ።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን አመሳክር። የሻንሲ ቁጥሩ ኮፈኑን ስትከፍት ከሞተሩ ጀርባ ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ተመትቷል። አቧራና ዘይት ስለሸፈነው በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ጥረገው። በብረት ብሩሽ እንዳትነካው፤ የተፋቀ ቁጥር ያየ ገዢ መኪናው የሌባ ነው ብሎ ይሸሻል። በስልክህ ፎቶ አንሳና ቁጥር በቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ። አንድ ፊደል ተሳስቶ የተጻፈበት ሊብሬ ስንቱን ሻጭ ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትት አይቻለሁ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ጊዜው ያላለፈ ይሁን፤ አለዚያ ለሙከራ እንኳ አስፋልት ላይ ልታወጣው አትችልም።

2. ገዢህ አማኑኤል ውስጥ የለም።

እዚህ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ድንችና ስንዴ ለሚጭንለት አይሱዙ ነው፤ አቅሙ ያልደረሰው ባጃጅ ይገዛል። ከጮቄ ሥር ጭቃ ሲያቦካ ለሚውል ሰው ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ የቤት መኪና ምን ያደርግለታል? ደብረ ማርቆስ ትንሽ ይሻላል፤ ለሰርግ የሚያከራዩ አሉ። ነገር ግን ሙሽራ የሚጭን ሰው የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ሞተሩን አይቶ አይከፍልህም።

የአንተ ገዢ ይህን ሞዴል ከዚህ በፊት የያዘ፣ ወይም አሁን አንድ ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚበዛው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ነው። ባለ አምስት ሲሊንደር 250 ዲ ናፍጣ መሆኑን ስትነግረው 400,000 ኪሎ ሜትር አያስደነግጠውም፤ «ዘይት ይበላል? ማርሹ እንዴት ነው?» ብሎ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል። ማርቸዲስ ሲባል ለስሙ ብቻ የሚመጣ ጎረምሳም አይጠፋም። እሱ በመጀመሪያው ወር መለዋወጫ ሲጠየቅ ይደነግጥና አንተን ይወቅሳል፤ ቀስ ብለህ ሸኘው።

ለመለዋወጫ የሚፈልገውም ይመጣል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የእነዚህ መኪኖች በር፣ መብራትና ማርሽ ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚያውቅ ሰው ሙሉውን መኪና ገዝቶ ሊበታትነው ይችላል። አያስነውርም፤ አንዳንዴ የተሻለ የሚከፍለው እሱ ነው። ግን ሰሌዳውና ሊብሬው ተመላሽ ሆነው ከመዝገብ መሰረዙን ሳታረጋግጥ አትልቀቅ። በአባትህ ሰሌዳ ሌላ መኪና ሲንቀሳቀስ መስማት አልፈልግም።

አንድ ነገር ልብ በል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ግጭት ስለተነሳ መንገዳችን አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ ነው። የአዲስ አበባ ገዢ «አማኑኤል ድረስ መጥቼ ልየው» ቢል እንኳ ቤተሰቡ አይለቀውም። ስለዚህ መንገድ ሰላም የሆነበትን ጊዜ ጠብቀህ መኪናውን ባሕር ዳር አንተ ዘንድ አድርሰው። በቪዲዮ ብቻ አይተው ቀብድ እንላክ የሚሉህን ግን አትቀበል፤ ያላየውን የገዛ ሰው ሲያየው ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

3. ቆጣሪውን አታስነካ።

«ወደ 150,000 ላውርድልህ» የሚልህ ባለሙያ ነኝ ባይ በየከተማው አለ። መኪና የሚያውቅ ገዢ ግን ቆጣሪውን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ የሻጩን አፍ ትቶ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን እንደሚያይ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ ይመለከታል። የአባትህ ፔዳል የቀኝ ጠርዙ ተበልቶ ብረቱ ሊወጣ ጥቂት ነው የቀረው። የሾፌር ወንበሩ በበሩ በኩል ሰምጧል፤ መሪው አባትህ እጁን በሚያሳርፍበት ቦታ ሸካራነቱ ጠፍቶ ያብለጨልጫል። ከዚህ ሁሉ ጋር 150,000 የሚል ቁጥር ያየ ሰው አይከራከርህም። ሻዩን ይጠጣል፣ «ደውዬ እነግርሃለሁ» ይላል፣ በዚያው ይጠፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ለጓደኞቹም ይነግራል።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ ሞዴል ቆጣሪ ውስጥ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ከዕድሜ ብዛት ትሰነጠቅና ፍጥነት ማሳያው እየሠራ ኪሎ ሜትሩ ይቆማል። የእኛም አንድ ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ጥርሷ እስክትገኝ አባትህ ሳይቆጥር ነድቷል። ስለዚህ ገዢውን «ቆጣሪው የሚለው ይህን ነው፣ እውነተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል» በለው። ከሻጭ አፍ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ስላልለመደ የቀረውንም ያምንሃል።

ይህን የሚያጸናልህ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያለው ደብተር ነው። አባትህ ዘይትና ፊልትሮ ባስቀየረ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተከፈለውን ይጽፍ ነበር፤ ገጾቹ በእጄ ዘይት ቆሽሸዋል። ፊት የጻፈው በእስክሪብቶ ነው፤ መጨረሻ ላይ እጁ ሲደክም በእርሳስ አድርጎታል። ራዲያተሩ የተቀየረበት፣ የውሃ ፓምፑ የተሠራበት፣ ቴስታው ወርዶ ጓርኒሲዮን የተቀየረበት ሁሉ አለ። ቴስታው መውረዱ ያሳፍረኛል ብለህ ያንን ገጽ እንዳትቀድ፤ የተቀደደ ገጽ ከተጻፈው በላይ ያወራል። ደብተሩን ኮፒ አድርገህ ለእያንዳንዱ ገዢ አሳይ፤ ዋናውን ለሚገዛው ስጠው። ይህ መኪና ካለው ንብረት ሁሉ የእኔን ምርጫ ብትጠይቀኝ ከሞተሩ ቀጥሎ ይህን ደብተር እጠራለሁ።

ብዙ መሄድ ለዚህ ዓይነት ሞተር ነውር አይደለም። አንድ የግሪክ ታክሲ ነጂ በ1976 እ.ኤ.አ. የተሠራ 240 ዲ ናፍጣ ማርቸዲስ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካው ሙዚየም አስረክቧል። ሞተር እያፈራረቀ መሆኑን ግን የሚያወሩት ሰዎች ይዘሉታል። አንተ ስታወራው አትዝለለው፤ ያኛው ከእኛው በፊት የነበረ ሞዴል መሆኑንም ጨምርበት።

4. ቀለም አታስቀባ፣ ሞተር አታውርድ።

በግራ የኋላ በሩ ላይ ያለው ጠባሳ ደብረ ማርቆስ ጋሪ የገጨው ነው። ተወው። ስቱኮ አስሞልተህ አዲስ ቀለም ብታስነፋበት ገዢው በጣቱ አንኳኩቶ ወይም ማግኔት አስጠግቶ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ጋሪ ነው ብትለው የሚሰማህ የለም፣ ተገልብጦ የነበረ መኪና ነው የሚለው። ሙሉ ቀለምማ ጭራሽ የባሰ ነው። አሮጌ ላሜራ ላይ ትኩስ ቀለም ያየ ሁሉ ከሥሩ ዝገት ይፈልጋል።

ማሠራት ያለብህ ትንንሹን ነው። ፍሪቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የማይወርደው የኋላ መስኮት፣ ከውስጥ የማይከፈተው በር። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ ካልተሠሩ ግን ገዢው «ይህን ያልጠገነ ሰው ዘይቱንስ መቼ ቀይሮ?» ብሎ ያስባል። ባትሪ ግዛ። የፊት ጎማዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አዲስ መሆን የለባቸውም። ዘይቱን ቀይረህ ጥቂት ንዳው፤ በመሸጫው ዋዜማ የተቀየረ ዘይት ጥቁር ሆኖ የማያውቅ ስለሚመስል ያጠራጥራል። ሞተሩን በእንፋሎት አታሳጥብ። ትንሽ የዘይት ላብ ያለበት የደረቀ ሞተር ይሻላል፤ የታጠበ ሞተር የሚያፈስበት ቦታ ተደብቋል ማለት ነው።

5. ዋጋውን ካወጣህበት ወጪ አትጀምር።

አባትህ ለራዲያተሩ ያወጣውን፣ ለማርሹ ያወጣውን ደምረህ ብትመጣ ማንም አይሰማህም። ያ ወጪ መኪናውን እስከ ዛሬ አስኬደው፣ አለቀ።

የገበያው ነገር በአገራችን የተገላቢጦሽ ነው። ሌላ አገር አሮጌ መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ በብር ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ተናገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ሁሉ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ተወደደ።

ግን ይህን ሰምተህ አትኩራ። የጨመረው በዋነኛነት ቪትዝና ኮሮላ ነው። እነሱ መለዋወጫቸው በየከተማው ስላለ ጠዋት ለገበያ ቀርበው ማታ ይሸጣሉ። ማርቸዲስ ሲገዛ ያስከብራል፣ ሲሸጥ ግን ያስጠብቃል። የኮሮላ ዋጋ ሰምተህ «የእኔማ ማርቸዲስ ነው» ብለህ ከዚያ በላይ ብትጠራ ዓመት ይቆምብሃል። በዚህ ሞዴል የተጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ አጣራ፤ የጠራ ሁሉ አልሸጠምና። ከዚያ ገዢው የግድ የሚያሠራውን ቀንስ፤ የፊት እግሩ ኩስኔታ ይጮኻል፣ የኋላው አሞርተር አልቋል። የመጨረሻውን ዋጋ ከእናትህ ጋር ተነጋግረህ ቁረጥና ለማንም አትንገር፣ ለእኔም ጭምር።

ብሩን ምን ላይ እንደምታውለው ከሽያጩ በፊት ወስን። ባንክ የተቀመጠ ብር በዚህ ዘመን እየቆየ ይሟሽሻል።

6. ገዢው ሲመጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን።

ሰው ሁሉ አሙቆ ይጠብቃል፤ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ እጁን ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው «ለምን?» ይላል። አንተ ጠዋት ቅጠረው። ማሞቂያ ካንዴላዎቹን የምታመለክተው መብራት እስክትጠፋ ይጠብቅና ራሱ ያስነሳው። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ወዲያው ይጠፋል፤ ይህ የብርዱ ነው። በደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ነዳጅ ሲረገጥ ጥቁር ጭስ ይበዛል፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍ ስለምትል ሞተሩ የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ደግሞ ይህን የሚያካክስበት የለውም። ዳገት ላይ ቢያዘግም የበሽታ አይደለም። ሰማያዊ ጭስ ካየ ግን ዘይት ነው፤ ሲነሳ ትንሽ እንደሚል፣ ከዚያ እንደሚጠራ አስቀድመህ ንገረው።

የዘይት መክደኛውን ይክፈት፣ ይተነፍስ እንደሆነ ይይ። የራዲያተር ውሃ ይይ፤ የሞቀ ራዲያተር ብቻ እንዳይከፍት ከልክለው። የራሱን መካኒክ ይዞ ከመጣ ደስ ይበልህ። ከመካኒክ የሚሸሽ ሻጭ ራሱን ከሰሰ።

ገዢው የአዲስ አበባ ሰው ከሆነና መኪናውን በእኛው መንገድ ይዞት የሚሄድ ከሆነ የዓባይን በረሃ አስብ። ከደጀን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ፍሬን ረግጦ ከወረደ ፍሬኑ ይቃጠላል፤ ሲወጣ አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ ከቸኮለ ሙቀቱ ይነሳል። በታች ማርሽ እንዲወርድ፣ ሲወጣ የሙቀት መርፌዋን እያየ እንዲሄድ ንገረው። ከጎሃ ጽዮን ቆሞ «አፈላብኝ» ብሎ ከሚደውልልህ አሁን ሁለት ደቂቃ ብታወራው ይሻላል። የጀሪካን ናፍጣ ከመንገድ ዳር እንዳይሞላም ምከረው፤ የዚህ ሞተር ፓምፕ ውሃና ጭቃ አይወድም።

7. ደላላ ካስገባህ አንድ ብቻ ይሁን፤ ኮሚሽኑም አስቀድሞ ይነገር። ቁልፍ አትስጠው።

8. ጉድለቱን ውሉ ላይ ጻፈው።

ይህን ስነግርህ ደላሎች ይስቁብኛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ገዢው ሲዋዋል ያወቀውን ጉድለት ግን በኋላ ሊጠይቅበት አይችልም። ስለዚህ «ቆጣሪው ቆሞ የነበረ መሆኑን፣ ቴስታው ወርዶ መሠራቱን፣ የፊት ኩስኔታ የሚጮህ መሆኑን ገዢ አይቶ ተቀብሏል» የሚል አንድ መስመር አንተን ያድናል። እንዳይሸጥ ያደርገዋል ብለህ አትፍራ። ያለህን ሁሉ ቀድመህ ነግረኸው እዚህ የደረሰ ሰው በዚያ መስመር አይመለስም።

ገንዘቡ በባንክ ይግባ። የስልክ መልእክት አሳይቶህ «ይኸው ገብቷል» የሚልህን አትመን፤ መልእክት በቀላሉ ይፈበረካል። ባንክ ሄደህ ሒሳብህን ራስህ አይተህ፣ ከዚያ ቁልፉን ስጥ። ሲፒኦ ካመጣም ባወጣው ባንክ አረጋግጥ።

9. ስሙ ሳይዞር አትተኛ።

ብዙ ሰው ብሩን ተቀብሎ «ስሙን በኋላ ያዛውራል» ብሎ ይተወዋል፤ ገዢውም ወጪ ፈርቶ በውክልና ሲነዳ ዓመታት ያልፋሉ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሾፌሩ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእናንተ ከሆነ፣ ደምበጫ ላይ ሰው ቢገጭ መጀመሪያ የሚጠራው የእናንተ ቤት ነው። ለዚህ ነው ከገዢው ጋር አብረህ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ አዲሱ ሊብሬ በስሙ ሲወጣ ማየት ያለብህ። ከዋጋው ትንሽ ገንዘብ እስከዚያ ድረስ በእሱ እጅ ቢቆይ አልቃወምም። የአዲሱን ሊብሬ ኮፒ፣ ውሉንና የባንክ ወረቀቱን አንድ ላይ አድርገህ ለእናትህ ስጣት።

ሁለተኛው ቁልፍ እናትህ ሳጥን ውስጥ ነው። እኔ ጋ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ትርፍ የኋላ መብራት፣ ሁለት የናፍጣ ፊልትሮና አባትህ ከሶማሌ ተራ ያስመጣው የቀኝ በር እጀታ አለ። የመኪናው ስለሆኑ ከመኪናው ጋር ይሂዱ፤ ባሕር ዳር ስትወስደው ከጋራዥ ጎራ በልና ጫናቸው።